አንደኛዋ ዝናሽ ኪሮስ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ አንደኛ ወጥቼ አውቃለሁ። እሱም የቆየው ለአንድ ቀን ተኩል ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ኪሮስ ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ዝናብ ካልዘነበ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሠራል። እናቴ ልጅ እያለሁ ስላረፈች ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ሰነፍ ተማሪ አልነበርኩም፤ ጎበዝ የሚባል ግን አይደለሁም። ከክፍሌ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ነበር የምወጣው፤ በዚያም ደስተኛ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቹን ጋወን አልብሶ ለማስመረቅ ወሰነ። ጋወኑን የመስፋቱን ሥራ ያገኘው አባቴ ነበር። ግንቦትን ሙሉ ቤታችን በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቶ ከረመ። ምርቃቱ ሰኔ ውስጥ ቅዳሜ ቀን ሆነ። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ለብሔራዊ ፈተና በአውቶቡስ ተጭነን ወደ ወልድያ እንሄዳለን፤ ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ሞንታርቦው ከጧት ጀምሮ ይጮኻል። የክብር እንግዶቹ ፊት ለፊት፣ ወላጆች በስተግራ፣ እኛ በመሐል ተቀመጥን። ንግግሩ አለቀና የሽልማቱ ሰዓት ደረሰ። ሦስተኛ የወጣው ልጅ ተጠራ፤ ተጨበጨበለት። ሁለተኛውም ተጠራ። ከዚያ መድረክ መሪው መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ከሁሉም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንደኛ! ተማሪ ዝናሽ ኪሮስ!» አለ።

ጎኔ የተቀመጡት ልጆች ጮኹ። አንዷ ጀርባዬን ገፋችኝ፤ «ተነሽ እንጂ!» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ ስነሳ አምኜው ነበር። ያለፉትን ዓመታት ውጤት ደምረው ይሆናል፣ እኔ ያላወቅሁት ነገር ይኖራል ብዬ አሰብኩ። ሰው የሚያስደስተውን ነገር ለማመን ብዙ ማስረጃ አይፈልግም። አንድ እንግዳ ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ በትልቅ ፖስታ የታሸገ ሰርተፍኬትም ሰጡኝ። ዞር ስል አባቴ ከወላጆች መካከል ተነስቶ ቆሟል። አላጨበጨበም። ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያየኛል። ለቅሶ ቤት ካልሆነ በስተቀር እጁን እንዲያ አድርጎ አይቼው አላውቅም።

ሰው ለፎቶ ሲበተን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሄድኩና ፖስታውን ከፈትኩ። «ዝናሽ ኪሮስ ወልዱ። ክፍል 12 መ። አማካይ ውጤት 94.6» ይላል።

የእኔ አያት አበራ ነው። ክፍሌም 12 ለ ነው። አማካይ ውጤቴ ሰማንያም አይሞላም።

ሌላዋን ዝናሽ አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ የሒሳብ ፈተና ወረቀቷ በስህተት ለእኔ ደርሶኝ ወስጄ ሰጥቻት ነበር፤ ያወራነው ያኔና ሌላ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከደሃና ገጠር የመጣች ቀጭን ረጅም ልጅ ናት። በአካባቢያቸው ያለው ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር ሰቆጣ መጥታ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። በዓይኔ ፈለግኋት። ድንኳኑ ውስጥ አልነበረችም።

ከቆምኩበት ቦታ እስከ መድረኩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። መድረክ መሪው ገና ሽቦውን እየጠቀለለ ነበር። ሄጄ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት እችል ነበር። አልሄድኩም። አባቴን ሰዎች ከበው ትከሻውን እየመቱ «እንኳን ደስ አለህ» ይሉታል፤ እሱም «ጾም ባይሆን ኖሮ በግ አርድላት ነበር» እያለ ይስቃል። ፖስታውን መልሼ አሸግሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ሁሉ እያስቆመ ሳመኝ። አባቴ ወደ ቤት ቀደመኝ። እኔ መንገድ ላይ ጥሩወርቅን አገኘኋት፤ የዚያችኛዋ ዝናሽ የቤት ጓደኛ ናት። ሰላም ሳትለኝ፣

«የኛዋን ዝናሽ ሽልማት ወሰድሽባት፣ አይደል?» አለችኝ።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«እኛ ክፍል ያለን ሁላችንም እናውቃለን። ማን አንደኛ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? ግን አሁን ብትሰጫትስ የት ታገኚያታለሽ?»

«የት ሄደች?»

«አገሯ። ረቡዕ የሚሄዱ ልጆች አሉ፤ ደላላው በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ያሻግራቸዋል። አብራቸው ትሄዳለች።»

«ፈተናውስ?»

«የፈተናው ጉዞ ሐሙስ አይደል? እሷ ረቡዕ ነው የምትሄደው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ቤት ስደርስ አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ ሚስማር ይመታል። ፍሬም ገዝቷል።

«አምጪው ያንን ሰርተፍኬት፤ ልኩን ልየው» አለኝ።

ጠፋብኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ትምህርት ቤት መልሰው ወሰዱት ማለትም ይቻል ነበር። ሁለቱንም አስቤያቸዋለሁ። ግን ረቡዕ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ፖስታውን አውጥቼ በእጁ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው፤ ጨርቅ ሲለካ እንደሚያደርገው ጣቱን በፊደሉ ላይ እያስኬደ።

«ወልዱ ማነው?»

ነገርኩት። የስማችንን መመሳሰል፣ የእሷን አንደኛነት። ከወንበሩ ወርዶ ተቀመጠበት።

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት። ድንኳኑ ሳይፈርስ።»

መዶሻው ጭኑ ላይ ነበር።

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ ዝናሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ የት ናት?»

ደሃና መሆኗንና ረቡዕ ልትሄድ መሆኑን ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ተነስቶ ሚስማሩን ነቀለው።

«ነገ ጧት ያንን ጫማ ቀይረሽ ጠብቂኝ፤ ጭቃ ነው» አለ።

ሰኞ ማልደን በሚኒባስ ሄድን። መኪናው ካወረደን በኋላ ከሦስት ሰዓት በላይ በእግራችን ተጓዝን። ዝናቡ ገና መጀመሩ ስለነበር ገበሬው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። አባቴ ገጠር ያደገ ስለሆነ ያገኘነውን ሰው በኽምጣኛ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ መንገድ ይጠይቃል። እኔ እሰማለሁ እንጂ መናገር ብዙም አልችልም። ጎርፍ የወረደበት ጅረት ተሻገርን፤ አንድ ጊዜ መንገድ ስተን ተመለስን። በዚያ ሁሉ መንገድ አባቴ ስለ ሽልማቱ አንድም ቃል አልተናገረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረስን። ዝናሽ ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፋ ለዘር የሚሆን ገብስ ትለቅማለች። ከእሷ የምታንስ አንዲት ልጅ አብራት ተቀምጣለች፤ አልጋነሽ የምትባል እህቷ ናት። ዝናሽ ስታየን ተነሳች፤ ደነገጠች።

«ምን ሆናችሁ ነው? ደኅና ናችሁ?» አለች።

«ቅዳሜ ያንቺን ሽልማት ለእኔ ሰጡኝ» አልኳት። «ስማችን አንድ ስለሆነ ነው።»

«የምን ሽልማት?»

«የአንደኛ።»

«ከክፍላችን?»

«ከሁሉም።»

ሜዳሊያውንና ፖስታውን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። አልጋነሽ ናት ብድግ ብላ የወሰደችው።

«ውጤቴን አውቀዋለሁ» አለች ዝናሽ። «ከሁሉም አንደኛ መሆኔን ግን የነገረኝ የለም። ጋወን መግዣ አልነበረኝም፤ ያልለበሰ አይገባም ስለተባለ አልመጣሁም።»

ያን ጊዜ አባቴ ስለ ጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ልጄ፣ ጋወኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ ጋወን አጥታ ልትቀር ነው ብሎ አንድ ሰው ቢነግረኝ፣ ከቁርጥራጩም ቢሆን ቀጥዬ እሰፋልሽ ነበር» አላት።

«እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችው።

በዚህ መሐል አባቷ በሬዎቻቸውን እየነዱ ከእርሻ ደረሱ። እጃቸውም እግራቸውም ጭቃ ነው። አባቴ ቀድሞ ሰላምታ ሰጠና «ኪሮስ እባላለሁ» አላቸው። «እኔም ኪሮስ ነኝ» አሉና ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አባቴ የመጣንበትን ጉዳይ በኽምጣኛ ነገራቸው። ሰውየው ሰርተፍኬቱን ከአልጋነሽ ተቀብለው በጭቃማ እጃቸው እንዳይነኩት በጋቢያቸው ጫፍ ያዙት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ከስንት ልጅ ነው አንደኛ?»

«ከአራት መቶ በላይ ነን፣ አባባ።»

«ከወንዶቹም ጭምር?»

«ከወንዶቹም።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔን እኮ ትምህርቱ አልሆነልኝም፣ መውደቄ ነው ብላኛለች» አሉ። «እንደዚያ ባትለኝ እንዴት እለቃት ነበር?»

ዝናሽ ተመልሳ ቁርበቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና አላለችም። ገብሱን ትለቅማለች።

«ዋሽተሽኛል?» አሏት።

«ባልዋሽዎ ይለቁኝ ነበር?» አለቻቸው።

እኔ የመጣሁት ሽልማት ላደርስ ነበር፤ ሳላውቀው የልጅቷን ምስጢር አባቷ ፊት አፈረጥሁት። ያኔ ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ምስጋና አልነበረም።

ቀስ እያለች ለአባቷ አስረዳቻቸው። ያለፉት ሁለት ዓመታት ዝናብ ጠፍቶ ፍየሎቹ አልቀዋል። እሷና አልጋነሽ ትልቅ ወንድም የላቸውም። «እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት፣ አምስት ዓመት ስቀመጥ እናንተ ምን ትበላላችሁ?» አለች። ሰውየው ወደ አባቴ ተመለከቱ። እሱም፣ «እስከ ፈተናው እኔ ቤት ከልጄ ጋር ትሁን። የሚበላውን አብረን እንበላለን። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል» አለ።

«ላስብበት» አለች ዝናሽ።

አልጋነሽ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አድርጋ በቤቱ ዙሪያ ትዞራለች። ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «ለሰባተኛ ክፍልም ይሰጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሰጥም አልኳት።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ማክሰኞ ጧት ዝናሽ ውኃ ልትቀዳ ስለሄደች ሳንሰናበታት ወጣን። አባቷ እስከ ጅረቱ ሸኙን። ሊመለሱ ሲሉ አባቴን፣ «እኔ አልልካትም፤ ይህን በአምላክ ስም እነግርሃለሁ። ራሷ ከሄደች ግን የማስርበት ገመድ የለኝም» አሉት።

ረቡዕ ጧት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል። መዝገቡን አወጣና አየው። የእኔም ደረጃ እዚያው ተጽፏል፤ ሠላሳ አንደኛ።

«ልክ ናችሁ፤ መድረክ ላይ የተሰጠው ዝርዝር የአያት ስም አልነበረውም» አለ። «ሰርተፍኬቱ ደርሷታል አላችሁኝ። በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ።»

«ጥሪው በአደባባይ ነበር» አለው አባቴ።

«አቶ ኪሮስ፣ ነገ አራት መቶ ልጅ ነው የማሳፍረው። ደግሞ ልጅቷ የለችም። ከመጣች እናገራለሁ። ካልመጣች ለማን ልናገር?»

«ለእኛ» አልኩት። ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። «ያጨበጨብነው እኛ ነን።»

መዝገቡን ዘጋ።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ግቢው በሻንጣና በፌስታል ተሞላ። አውቶቡሶቹ ተደርድረው ቆመዋል። ስም በሙሉ እየተጠራ እንገባለን። እኔ በሩን ብቻ አያለሁ። «ዝናሽ ኪሮስ አበራ» ሲባል «አቤት» አልኩ። ቀጥሎ «ዝናሽ ኪሮስ ወልዱ» ተባለ። ማንም የለም። ደገሙት። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች። መምህሩ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ርዕሰ መምህሩን አየሁት፤ ዓይኑን ሰበረ። እናገራለሁ ያለው ከመጣች ነበርና ቃሉን አላጠፈም። ግን እግሬ አውቶቡሱ ውስጥ አልገባ አለኝ። ሄጄ ድምፅ ማጉያውን ይሰጠኝ ዘንድ ጠየቅሁት። ለጥቂት ጊዜ አየኝና ሰጠኝ።

ያልኩት ነገር አጭር ነበር። «ቅዳሜ አንደኛ ተብዬ የወሰድኩት ሽልማት የእኔ አይደለም። የዝናሽ ኪሮስ ወልዱ ነው፤ የ12 መ። እኔ ሠላሳ አንደኛ ነኝ። በዕለቱ አውቄ ዝም ብያለሁ።» ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። አንዳንዱ «ሌባ» አለ። የ12 መ ልጆች ግን ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ ለሌለችው ልጅ። ጭብጨባው ቀስ እያለ ወደ ሌላውም ተዛመተ። ድምፅ ማጉያውን መልሼ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ ጥሩወርቅ በመስኮት ስትጮህ ሰማኋት። «መጣች! አንደኛዋ መጣች!»

ዝናሽ ከአባቷ ጋር በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ተነስተው፣ መኪና አጥተው አብዛኛውን መንገድ በእግር ነው የመጡት። ልጆች ከአውቶቡሱ እየዘለሉ ወረዱ። ለምን እንደሚጨበጨብላት አልገባትም፤ ያልኩትን አልሰማችምና። ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣ። እንግዳ የለም፣ ድንኳን የለም።

«ዝናሽ ኪሮስ ወልዱ፤ ከሁሉም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንደኛ» አለ። «ቅዳሜ ስለተሳሳትን ትምህርት ቤቱ ይቅርታ ይጠይቃል።»

አባቷ ጩኸቱ ስላላሰማቸው ሊሸኘኝ ወደ መጣው አባቴ ጠጋ ብለው ምን እንዳለ ጠየቁት። አባቴ በኽምጣኛ ነገራቸው። ሰውየው በትራቸውን ለአባቴ ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ነጻ አደረጉና አጨበጨቡ፤ ሌላው ሁሉ ጨርሶ እንኳን ብቻቸውን ቀጠሉ።

ዝናሽ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሜዳሊያውስ?» አልኳት። «አልጋነሽ አልሰጥም አለች» አለችኝ። ወልድያ እስክንደርስ ሌላ ብዙም አላወራንም።

እሷ ፈተናውን አለፈች፤ ፋርማሲ ተማረች። እኔ በዚያ ዓመት ነጥብ አልመጣልኝም፤ በሪሚዲያል፣ በማካካሻው ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዛሬ እዚሁ አካባቢያችን ዝቋላ ወረዳ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ለጥቂት ሳምንታት ከገበያተኛው ዓይን ሲሸሽ ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ደንበኛው ስለ እኔ ሲጠይቀው፣ «ሠላሳ አንደኛ ናት፤ ይኸው አንደኛ አለበት!» ሲለው ሰማሁና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ። ግን አልጋነሽ በሚቀጥለው ዓመት ሄደች። ዝናሽ ልትሄድበት በነበረው መንገድ፣ ከዚያው አካባቢ ልጆች ጋር። አሁን ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ዝናሽ አንድ የፋሲካ ዕለት ደውላ ይህን ስትነግረኝ፣ «ያን ቀን ደጃችን ስትመጪ ተናድጄብሽ ነበር» አለችኝ። «አሁንስ?» አልኳት። «አሁን ላንቺ አይደለም ንዴቱ» አለች። «ለማን እንደሆነም አላውቅም።»

ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ጥሩ ሥራ ሠራች ብላችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም የጻፍኩት። ለአንድ ቀን ተኩል የሰው ምስጋና በልቻለሁ፤ ይጣፍጣል፤ ለዚህ ነው ሰው መልሶ ለመስጠት የሚቸገረው። ሁለተኛው የተማርኩት ነገር ስለ ሽልማት ራሱ ነው። ከዚያ በፊት ሽልማት ጎበዝ ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር መንገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዝናሽ ውጤቷን ታውቅ ነበር፤ አባቷ ግን አያውቁም ነበር። ማንም ፊታቸው ቆሞ ስላልነገራቸው ውሸቱን አመኑ።

አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሽልማት እንሰጣለን፤ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ስም በሙሉ፣ ከነአያት እንዲጠራ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ተጠርቶ ያልመጣ ልጅ ካለ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አላስቀምጥም። ቅዳሜ ጫማዬን አድርጌ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ቤት አራት ሰዓት ያስኬዳል። ባለፈው ዓመት አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ቤት ደርሼ እናትየዋን «ልጅዎ ሁለተኛ ወጥታለች» ስላቸው፣ «ይህን ለመንገር ነው ከዚያ ድረስ የመጣሽው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ልጅቷን ከፍየሎቹ ጋር ከሄደችበት አስጠርተው፣ ፊቷን አሳጥበው፣ እፊቴ አቆሟትና፣

«በይ፣ አሁን እሷም ባለችበት ድገሚው» አሉኝ።